የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ዜና ሕይወት

ከፀዳ በስተ ምሥራቅ በደጋው ላይ ደንቀዝ የሚባል የዐፄ ሱስንዮስ ከተማ ነበረ፤ በሰሜን በኩል ደግሞ እሳቸው ያሠሩት ገነተ ኢየሱስ ያለበት አዘዞ ይገኛል። ጎንደር ገና ሳይቈረቈር የመንግሥቱ ነገር ይቈረጥ የነበረው በእነዚህ ስፍራዎች ነው። የፀዳ ሰው በሁለቱ መካከል የሚኖር እንደ መሆኑ መጠን፥ በዚያ ዘመን ስለ ሃይማኖት የተነሣው ሁከት በሩቅ አገር የተደረገ ታሪክ አይደለበትም። በዚያ ሁከት ብዙ ሰው ደሙን አፈሰሰ፥ ብዙ ሰው ተሰደደ፥ ብዙ ሰው ደግሞ ክፉውን ቀን ለማሳለፍ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። የእናታችን የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ዜና ግን ከሌላው የሚለይበት ነገር አለው። እርስዋ በአንዲት ሰዓት ተፈትና በዚያችው ሰዓት አክሊልዋን የተቀበለች አይደለችም። መከራው ከቁንጅናዋ ዘመን ጀምሮ እስከ ዕረፍትዋ ድረስ መልኩን እየለወጠ መጣባት፤ አንዱን አለፈችው ሲባል ሌላው ይተካ ነበር።

የተወለደችው በ1584 ዓ.ም. ገደማ ነው። አባትዋ ባሕር ሰገድ፥ እናትዋ ክርስቶስ ዕበያ ይባሉ ነበር፤ ወገናቸውም የዳዋሮና የፈጠጋር መኳንንት ነው። ቅኔ የሚያውቅ ሰው እነዚህን ስሞች ሲሰማ ዝም ብሎ አያልፋቸውም። አባትዋ ባሕር ሰገድ በተባለ ጊዜ፥ ልጁ ዕድሜዋን በጣና ባሕር ደሴቶችና ዳርቻዎች እንደምትፈጽም ማን ያውቅ ነበር? የእርስዋም ስም ወለተ ጴጥሮስ ነው፤ የጴጥሮስ ልጅ ማለት ነው። ኋላ የጴጥሮስን መንበር ስም ይዘው ከሮም የመጡትን መምህራን አልቀበልም ብላ የቆመች ይህች የጴጥሮስ ልጅ መሆንዋ፥ ሰሙን ትቶ ወርቁን ለሚመለከት ሰው ብዙ የሚናገር ነገር አለው።

ለአካለ መጠን በደረሰች ጊዜ መልክአ ክርስቶስ ለሚባል ታላቅ መኰንን ተዳረች። ይህ መልክአ ክርስቶስ የዐፄ ሱስንዮስ አማካሪ የነበረው ነው እንጂ፥ በላስታ ሸፍቶ ከንጉሡ ጋር የተዋጋው በስም የሚመሳሰለው ሰው አይደለም፤ ሁለቱን የሚያደባልቁ ስላሉ ይህን መለየት ያስፈልጋል። ቤትዋ ሙሉ ነበረ፤ አገልጋዩ፥ ወርቁ፥ ልብሱ፥ ክብሩ አንድም አልጐደለባት። ነገር ግን ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ገድልዋ እንደሚነግረን፥ በማኅፀንዋ ያለው ሕፃን እግዚአብሔርን የሚያስደስት ከሆነ እንዲኖር፥ ካልሆነ ግን ፈጥኖ እንዲወሰድ ትጸልይ ነበር። ይህን ጸሎት የሰማ ሰው ልብዋ የጨከነ ሊመስለው ይችላል። ሦስት ጊዜ አርግዛ፥ ሦስት ጊዜ አምጣ፥ ሦስት ጊዜ የቀበረች እናት ግን ስለ ልጅ ሞት የምትናገረውን ታውቃለች። ከዚያ ወዲያ የዚህ ዓለም ኑሮ በዓይንዋ ቀለለ። ቀንና ሌሊት በጾምና በጸሎት ተጠምዳ፥ ከቤትዋ የምትወጣበትን መንገድ ትፈልግ ጀመር።

ባልዋ ከንጉሡ ጋር ወደ ዘመቻ በሄደ ጊዜ፥ በጣና ገዳማት ከነበሩት አባቶች ጋር ተላልካ በስውር ወጣች። ጠጕርዋን ተላጭታ የምንኵስና ልብስ ለበሰች። ባልዋ ይህን በሰማ ጊዜ እጅግ ተቈጣ፤ ተሸሽጋበታለች የተባለውንም አገር ወታደር አሰማርቶ አስበዘበዘ። ድኻው በእርስዋ ምክንያት በመጐዳቱ አዘነች፤ አስታራቂ መነኮሳትም መካከል ገብተው ወደ ቤትዋ እንድትመለስ መከሩአት፤ እርስዋም ተመለሰች። ይህን ነገር የገድሉ ጸሐፊ አለመደበቁ መልካም አደረገ። ቅዱሳን ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ወደ ኋላ ሳይመለከቱ እንደ ሄዱ አድርጎ የሚጽፍ ሰው፥ ጀምሮ ያቋረጠውን ደካማ ተስፋ ያስቈርጠዋል። እርስዋ ጀምራ ተመለሰች፤ የተላጨ ራስዋን ይዛ፥ ሎሌና ገረድ እየተመለከታት፥ ትታው ወደ ሄደችው ቤት ገባች። ከስደቱ ሁሉ ይልቅ ይህ የመጀመሪያው ውርደት ሳይከብዳት አይቀርም።

በ1609 ዓ.ም. የሆነው ነገር ግን የመጨረሻውን ገመድ በጠሰው። በዚያ ጊዜ የንጉሡ አማች ዮልዮስ፥ የአባቶችን ሃይማኖት ምክንያት አድርጎ በዐፄ ሱስንዮስ ላይ ተነሣ፤ ጳጳሱ አቡነ ስምዖንም ከእርሱ ጋር ነበሩ። በጦርነቱም ዮልዮስ ሞተ፥ አቡነ ስምዖንም ተገደሉ። ወለተ ጴጥሮስ ባልዋ በዚህ ነገር እጁ እንዳለበት፥ የተገደሉት የጳጳሱም ልብስ በእርሱ ዘንድ እንዳለ ባወቀች ጊዜ፥ የጳጳስ ደም ባለበት ቤት እንደ ሚስት ሆና አልቀመጥም አለች። ምግብ ተወች፥ ጌጥዋን አወለቀች፥ ከመኝታውም ተለየች። ባልዋም በቍጣ ሞከራት፥ በልመናም ሞከራት፤ ሁለቱም ባልሆነ ጊዜ ለቀቃት። አስቀድማ በስውር የወጣችውን ቤት አሁን በግልጥ ወጣችው። ዕድሜዋ በዚያን ጊዜ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ነበር።

ከዚህ በኋላ አባቶች እኅተ ክርስቶስ ከምትባል ሴት ጋር አገናኙአት። እኅተ ክርስቶስም እንደ እርስዋ ከትዳር የወጣች ናት። እነዚህ ሁለቱ ከተገናኙባት ቀን ጀምሮ፥ ሰው በግድ ካልለያቸው በቀር፥ እስከ ሞት ድረስ አልተለያዩም። የመኰንን ሚስት የነበረችው ወለተ ጴጥሮስ በእጅዋ ዱቄት ፈጨች፥ ውኃ ቀዳች፥ እንጨት ለቀመች። ቀድሞ ገረዶችዋ የሚሠሩላትን ሥራ አሁን ለሌላው ሠራች። በሹመትና በባለጸግነት ለኖረ ሰው ከጾሙና ከስግደቱ ይልቅ ወፍጮው ትልቅ ትምህርት ቤት ነው።

ነገር ግን ጸጥታው አልቈየም። ዐፄ ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. የሮምን ሃይማኖት መቀበላቸውን በግልጥ አስታወቁ። በ1617 ዓ.ም. ከሮም የተሾመው ፓትርያርክ አልፎንስ ሜንዴዝ አገር ገባ፤ በ1618 ዓ.ም. ንጉሡ፥ ልጃቸው ፋሲል፥ መኳንንቱና ካህናቱ ተሰብስበው ለሮም ሊቀ ጳጳሳት ታዛዥ ለመሆን ማሉ። ከዚያ ወዲያ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፥ ካህናቱ እንደገና እንዲሾሙ፥ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና እንዲባረኩ፥ የሰንበቱና የጾሙም ሥርዓት እንዲለወጥ ትእዛዝ ወጣ። አባቱን በፍትሐትና በቍርባን የቀበረ ሰው፥ የአባትህ ጥምቀት ጥምቀት አይደለም ሲባል ምን እንደሚሰማው ማሰብ ነው። በባላገሩ የተነሣው ዐመፅ ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ወለተ ጴጥሮስ የንጉሡን ሃይማኖት አለመቀበል ብቻ አልበቃትም፤ በሄደችበት ሁሉ ሕዝቡ እንዳይቀበል ታስተምር ነበር። ወደ ንጉሡ ሸንጎ ተጠርታ በመኳንንቱ ፊት ቆመች። የንጉሡ ቍጣ እስከ መግደል የደረሰ ነበር፤ ነገር ግን ወገንዋ ብዙና ኃይለኛ ስለ ሆነ፥ ብትሞት ነገሩ እንደሚከፋ አማካሪዎቹ አመለከቱ። ዘመዶችዋ በእርስዋ ምክንያት ቤታቸው እንዳይጠፋ ፈርተው ይለምኑአት ነበር። የጠላት ዛቻ ሲመጣ ልብ ይጠነክራል፤ የእናትና የወንድም ልቅሶ ሲመጣ ግን ብዙ ጀግና ይሸነፋል። እርስዋ ለሁለቱም አልተሸነፈችም።

ከዚያ ወደ ዋልድባ ሄደች። ከዋልድባም ወደ ጸለምት አልፋ፥ በቅዳሴ ጊዜ የንጉሡ ስም እንዳይጠራ ካህናቱን ትመክር ጀመር። ይህ ነገር በንጉሡ ጆሮ በገባ ጊዜ እንደገና አስጠሩአት። በዚህ ጊዜ የተወሰነባት ፍርድ ሰይፍ አልነበረም፤ ትምህርት ነበር። ከሮም የመጡት መምህራን እየተመላለሱ፥ መጽሐፍ እየገለጡ እንዲያሳምኑአት ታዘዘ። እነዚህ መምህራን የተማሩና ቋንቋ ያጠኑ፥ ንግግር የሚችሉ ሰዎች ነበሩ። እርስዋ ግን ከአባቶችዋ የተቀበለችውን ይዛ ቀረች። ክርክሩ እንዳልጠቀመ በታየ ጊዜ ወደ ዠበይ እንድትጋዝ ተፈረደባት።

ዠበይ በምዕራብ በኩል ያለ የበረሃ ቆላ ነው። ለደጋ ሰው የዚያ አገር ሙቀትና ንዳድ ብቻውን የሞት ፍርድ ነበር፤ ሹማምንቱም ይህን ሳያውቁ አልላኩአትም። ጠባቂ ሆኖ የተሰጣት ሰው በመጀመሪያ ክፉ ሆነባት፤ ያስፈራራት፥ ያስጨንቃትም ነበር። በዚያ 3 ዓመት ተቀመጠች። በሸንጎ ፊት ቆሞ አልክድም ማለት ታላቅ ነገር ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን የሚያይ ሰው አለ፥ የሚያደንቅ አለ፥ የሚያለቅስም አለ። በዠበይ የሚያይ ሰው አልነበረም። ቀኑ ይነጋል፥ ሙቀቱ ይበረታል፥ ወሬ አይመጣም፥ ጓደኛ ይታመማል፥ ፀሐይዋ ትጠልቃለች፤ ነገም እንዲሁ ነው። ከዛሬ ይልቅ ነገ እንዲሻል ምንም ምልክት በሌለበት ስፍራ ጸሎትን ሳያስታጕሉ 3 ዓመት መቀመጥ የእርስዋ ገድል ዋና ክፍል ነው።

እግዚአብሔርም በዚያ ስፍራ ሥራውን ሠራ። የጠባቂው ልብ ተለወጠና ያከብራት ጀመር። በመለየት ያዘነችው እኅተ ክርስቶስ ፈልጋ መጣች። ወሬውን የሰሙ፥ ስለ ሃይማኖታቸው የተሰደዱ ሌሎችም አንድ አንድ እያሉ ወደ እርስዋ ተሰበሰቡ። ገድልዋ እንደሚለው ብዙ ነፍሳትን እንድትሰበስብና እንድትጠብቅ ከጌታ የታዘዘችው በዚያ በግዞቱ ስፍራ ነው፤ እርስዋ ግን ደካማነትዋን እያነሣች አልችልም ትል ነበር። እርስዋ ካቆመቻቸው ሰባት ማኅበሮች የመጀመሪያው በዚያው በዠበይ የተሰበሰበው ነው። ንጉሡ ከሰው ለመለየት ወደ በረሃ ላኩአት፤ በረሃው ግን ሰው ሰበሰበላት።

ከ3 ዓመት በኋላ ተፈትታ ወደ ደንብያ በተመለሰች ጊዜ፥ በጫንቋ ብዙ ወንዶችና ሴቶች ተሰበሰቡላት። ጥቂት ሳይቈይ በሽታ ገባባቸው። ከዚያ ተነሥታ በጣና ውስጥ ወዳለችው ወደ ምጽሌ ሄደች። የንጉሡ ሰዎች ያሳድዱአት ስለ ነበረ፥ በታንኳ ከደሴት ወደ ደሴት፥ ከዳር ወደ ዳር መዛወር ሆነ። የጣናን ማዕበል የሚያውቅ ሰው፥ ከደንገል በተሠራ ታንኳ ላይ ሴቶችና ሕፃናት ይዞ መሻገር ምን ያህል እንደሚያስፈራ ይረዳዋል። በማዕበል መካከል ሌላው ሲጮኽ እርስዋ ዝም ብላ በልብዋ ትጸልይ ነበር ይባላል።

በሰኔ ወር 1624 ዓ.ም. ዐፄ ሱስንዮስ በወይና ደጋ ከላስታው ሸፍታ ሠራዊት ጋር ተዋግተው ድል አደረጉ። በሜዳው የወደቀው ሬሳ ግን ሁሉም የገዛ ሕዝባቸው፥ ሁሉም ክርስቲያን ነበረ። ንጉሡም ልባቸው ተሰብሮ የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ አስነገሩ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ዐርፈው በአዘዞ ገነተ ኢየሱስ ተቀበሩ። በሕዝቡ ዘንድ የሆነው ደስታ በብዙ መጽሐፍ ስለ ተጻፈ እዚህ ማስረዘም አያስፈልግም።

የብዙ ሰው ታሪክ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በዚህ ባለቀ ነበር፤ ጠላት ተሸንፎአል፥ ሃይማኖት ተመልሶአል። ለወለተ ጴጥሮስ ግን ከአዋጁ በኋላ የመጣው መከራ ከፊተኛው አላነሰም። የፊተኛው ከውጭ ነበረ፤ የኋለኛው ከቤት ነው። ከገዛ ሃይማኖትዋ ሊቃውንት አንዳንዶቹ፥ ሴት ማኅበር ልትመራ እንዴት ይገባታል፥ የሐዋርያው የጳውሎስ ቃል ይህን ይከለክላል እያሉ ተነሡባት። ስለ ሃይማኖት ስትጋዝና ስትራብ ዝም ያሉት፥ ቀን ሲወጣ ሥርዓት አወቅን ብለው መጡ። ከጣና አባቶች ታላቁ አባ ፈትለ ሥላሴ ግን፥ ወንዶች ባልበረቱበት ዘመን እግዚአብሔር ያስነሣትን ማንም ሊከለክላት እንደማይችል ተናግረው ዝም አሰኙአቸው። እርስዋ በነገሩ ክርክር አልገጠመችም። በስም ማጥፋት ተመርሮ ሥራውን የሚተው ብዙ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ያገለገለ ሁሉ የዚህን ፈተና ጣዕም ያውቀዋል።

ማኅበሩም እየበዛ ሄደ፤ በዘጌ፥ በዳምቦዛ፥ በአፈር ፈረስ፥ በዘምቦል ሌሎች ማኅበሮች ቆሙ። ወንዶቹና ሴቶቹ ቤታቸው ለየብቻው ነበር። ምግቡም ልብሱም የማኅበር ነው፤ የእኔ ነው የሚባል ነገር በመካከላቸው አልነበረም፤ ከጨዋ ወገን የመጣችውና ከድኻ ቤት የመጣችው በአንድ ማዕድ ይቀመጡ ነበር። ሥርዓቱን ሲተላለፉ ትቀጣለች፤ ስትቀጣም ጽኑ ነበረች። ጽናትዋ ከሰው ድካም ጋር ሳይጋጭ አልቀረም፤ ከልጆችዋ ወገን ያጕረመረመ፥ ጥሎም የሄደ አለ። በሽታ ደግሞ በየጊዜው እየገባ ብዙዎቹን ወሰደባት። ሦስት ልጆች ቀብራ ከዓለም የወጣች ሴት፥ በምንኵስና ያፈራቻቸውን ልጆች ደግሞ በዓይንዋ ፊት ስትቀብር ኖረች። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው፤ ፊት ቀብራ ከቤትዋ ወጣች፥ አሁን ግን ቀብራ ወደ ቀሩት ተመለሰች፤ ወፍጮውም ጸሎቱም ሳይቋረጥ ቀጠለ።

ዐፄ ፋሲል አከበሩአት። አባታቸው ያጋዙአትን ሴት ልጃቸው እንደ እናት ተቀበሉአት። በ1628 ዓ.ም. ጎንደር ተቈርቍሮ መኳንንቱ ወደ አዲሱ ከተማ ሲጐርፉ፥ እርስዋ የተጋዘችበትን ዘመን ዋጋ ልጠይቅ ብትል የሚከለክላት አልነበረም፤ እርስዋ ግን ከጣና ዳርቻ አልተለየችም።

በመነነች በ26 ዓመትዋ፥ በሰውነትዋ 50 ዓመት ሲሆናት፥ ብዙ ቀን ታምማ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. ዐረፈች። በጣና ውስጥ ባለችው በሬማ ደሴት ተቀበረች። ማኅበሩን ለእኅተ ክርስቶስ ተወችላት። እኅተ ክርስቶስም ወዳጅዋን ቀብራ፥ አላዋቂ ነኝ ሳትል፥ እስከ 1641 ዓ.ም. ድረስ ልጆቹን ጠብቃ ዐረፈች። ከዚህ በኋላ በጣና ምሥራቅ ዳርቻ በቋራጣ በስምዋ ደብር ተተከለ፤ ያም ደብር የተበደለና የሚፈራ ሰው ሸሽቶ የሚማጠንበት ሆነ። ስለ ሃይማኖትዋ ከአገር አገር የተሰደደችው ሴት ቤት ለስደተኛ መጠጊያ ሆነ ማለት ነው።

ገድልዋ የተጻፈው ባረፈች በ30 ዓመት፥ በ1665 ዓ.ም. ነው። ጸሐፊው ገላውዴዎስ የሚባል መነኵሴ ሲሆን፥ በዓይናቸው ያዩአትን፥ በጆሮአቸውም የሰሙአትን ልጆችዋን እየጠየቀ በግዕዝ ጻፈው። ይህ መጽሐፍ በ1904 ዓ.ም. ገደማ በኢጣልያዊ ሊቅ እጅ በሮም ከተማ ታተመ፤ የሮምን መምህራን አልሰማም ያለችው ሴት ዜና በሮም ማተሚያ ቤት መታተሙ እንደ ቅኔ የሚቈጠር ነው። ገላውዴዎስ ገድልዋን በጻፈ ጊዜ በጎንደር ዙፋን የነበሩት የዐፄ ሱስንዮስ የልጅ ልጅ፥ ሕዝቡ ጻድቁ ዮሐንስ ብሎ የሚጠራቸው ቀዳማዊ ዐፄ ዮሐንስ ናቸው። አያታቸው በአዘዞ ተቀበሩ፤ እሳቸውም በ1674 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ዐርፈው በዚሁ በፀዳ ተቀበሩ።